ቤት ስትሠሩ ብራችሁ የት አለቀ? የትስ ተረፈ?

የቢሾፍቱዋ መምህርት (ቅዳሜ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ ላይ በማኅበር በደረሰን 160 ካሬ ቦታ ቤት ሠርተን ከገባን ስምንት ወር ሆነን። እኔ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ይሠራል። ሁለታችንም የወር ደሞዝ ጠባቂዎች ነን። እንደኛ ያለ ሰው ሲጀምር የሚያማክረው ቢያገኝ ብዙ ብር ይተርፍለታል ብዬ ነው የምጽፈው።

የጀመርነው መስከረም 2014 ነው። የጨረስነው 2017 ላይ። መሃል ላይ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። የሴራሚክ፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋጋ አልቀመስ አለ። ያኔ ብዙ የማኅበራችን አባላት ሥራ አቆሙ። እኛን ያስቀጠሉን ከጀርባ የሠራናቸው ክፍሎች ናቸው።

አብዛኛው ሰው ዋናውን ቤት ነው ቀድሞ የሚጀምረው። እኛ ከጀርባ አጥሩ ጋር አያይዘን ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አስቀደምን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት። አንዱ ክፍል ውስጥ እኛው ከሁለት ልጆቻችን ጋር ገባን። ጠቦናል። ግን ለሰው የምንከፍለው ኪራይ በዚያው ወር ቆመ። ሁለቱን ክፍል አከራየን። ድሮ ለአከራያችን እንሰጥ የነበረው ብርና የተከራዮቹ ብር በየወሩ ብሎኬትና ብረት ሆነ። እቁቡ ሲደርሰን ደግሞ የጣሪያውን ቆርቆሮ ገዛንበት። ሰርቪሶቹ ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ነበሩ፤ የግንባታ ፈቃዱም አብሮ ነው የወጣው። ይህን አደራ። ፈቃድ የሌለው ክፍል አፍርሱ ከተባለ ያለፋችሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሌላው ልኬት ነው። ፕላኑን የሠራልን ልጅ መኝታ ቤቱን 4 ሜትር በ3.30 አድርጎ አመጣው። እኔ ደግሞ የምገዛውን ሴራሚክ አስቀድሜ መርጬ ነበር፤ 60 በ60። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በካሬ ደብተር ላይ ሳልኩት። በ4 ሜትሩ በኩል 6 ሙሉ ሴራሚክ ይገባና 40 ሳንቲም ይቀራል። ለዚያች 40 ሳንቲም በየረድፉ አንድ ሙሉ ሴራሚክ ይቆረጣል፤ ትርፏ 20 ሳንቲም ትጣላለች። ስቆጥረው ክፍሉ 39 ሴራሚክ ይፈጃል፤ ሲቆረጥ የሚሰበረው ሳይቆጠር። ልስኑ ካለቀ በኋላ ውስጥ ለውስጥ 3.62 በ3.62 እንዲሆን አስቀየርኩት። 6 በ6፣ 36 ሴራሚክ፣ አንድም ቁራጭ የለም። ዳር ላይ የቀረችውን ክፍተት ከግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚሄደው ዞኮሎ ሸፈናት። የክፍሉ ስፋት ደግሞ ከበፊቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሴራሚክ ሠሪው አንዱን ክፍል በአንድ ቀን ጨርሶ "መምህር፣ ይሄን ክፍል ማን ለካው?" ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። አንድ ሱቅ ባለ 12 ብረት (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ) ከሌሎቹ ከመቶ 6 ያህል ቀንሶ ሰጠን። ደስ ብሎን አስጫንን። ሲወርድ ባለቤቴ አንዱን ዘንግ አነሳና ቀለለው። ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን ተውሰን አሥር ዘንግ መዘንን። ባለ 12 ብረት 12 ሜትሩ 10.66 ኪሎ መሆን አለበት። የእኛ በአማካይ 9.4 ሆነ። ከመቶ 12 የሚሆነው ብረት የለም ማለት ነው። በቅናሹ ያተረፍን መስሎን እጥፉን ከስረን ነበር። ለቤቱ ጥንካሬ የሚያመጣውን ጣጣ ደግሞ አስቡት። ብረቱ ስላልተቆረጠ መለስነው። እናንተም መዝኑ። የብረቱን ቁጥር በራሱ አባዙት፣ ለ162 አካፍሉት፤ የአንድ ሜትር ኪሎው ይወጣል።

ሰዎች ሲያገኙኝ "ሲሚንቶ የት ይረክሳል?" ነው የሚሉኝ። እኔ ግን ብር የተረፈልኝ ግንበኛ ከመግባቱ በፊት በለካሁትና በቆጠርኩት ነው። እናንተስ?

አዲስ ጀማሪ (ቅዳሜ ማታ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዱከም ላይ 140 ካሬ ይዣለሁ። በቅርቡ ቁፋሮ ልጀምር ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። ጎረቤቴ "ዝም ብለህ አንድ ሜትር ቆፍረህ በድንጋይ አስነሳው፣ ብርህን መሬት ውስጥ አትቅበር" ይለኛል። እውነት መሠረት ላይ መቆጠብ ይቻላል? አሸዋውንስ ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?

ጡረተኛው ኢንጂነር (እሁድ ጠዋት)

ልጄ፣ ጎረቤትህ ለአንተ አስቦ ነው፤ ግን አትስማው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በበጋ መሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይተህ የለ? ያ ስንጥቅ ከቤትህ ሥርም አለ። ክረምት ሲገባ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በጋ ሲሆን ይለቀዋል። በሁለተኛው ዓመት ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ታያለህ። በልስንና በቀለም ብትሸፍነው በየዓመቱ ይመለሳል።

መጀመሪያ የአፈር ምርመራ አሠራ። ጥቁር አፈሩ ስስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ይወጣና በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ ሙሌት፣ ይሞላል። ሰሌክቱ በአንዴ አይገለበጥም። 20 ሳንቲም ያህል እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ ነው የሚነሳው። እናንተ አካባቢ ለሰሌክት የሚሆን ቀይ አሸዋ በቅርብ ስለሚገኝ የማጓጓዣው ነገር ያን ያህል አይከብድህም። አፈሩ ጥልቅ ከሆነ ግን የመሠረቱ ዓይነት ራሱ ይቀየራል። ያንን በግምት አትወስነውም። ስትራክቸሩን የሚሠራልህ ባለሙያ ነው የሚወስነው።

ዝናቡ ከጣሪያ ወርዶ መሠረቱ ሥር እንዳይገባ አሸንዳ ይኑርህ። የቤቱን ዙሪያ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ያለ ሊሾ አስደርግ። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው አጠገብ አትትከል፤ ውሃውን ከአፈሩ ይመጥና መሬቱን ያንቀሳቅሰዋል። አርባ ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ ሰው ቤቱን ሲያፈርስ ያየሁት ባብዛኛው ከመሬት በታች ባለው ምክንያት ነው። መቆጠብ ከፈለግህ ከበሩ እጀታ ጀምር። ከመሠረቱ አትጀምር።

ፎርማኑ (እሁድ ጠዋት)

ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው። እኔ ስለ አሸዋው ልመልስ።

ባዶ ሃይላንድ ውሰድ። አሸዋውን ከመኪናው አናት ብቻ ሳይሆን ከመሃልና ከሥርም ዘግን። ጠርሙሱ ውስጥ 10 ሳንቲም ከፍታ ድረስ ሙላ። ውሃ ጨምር፣ ቁንጥር ጨው ጣል አድርግበት፣ ክደነውና በደንብ አራግፈው። ከዚያ ሳትነካው ሦስት አራት ሰዓት አስቀምጠው። አሸዋው ከታች ይረጋል፤ አፈሩ ከላይ በስሱ ይተኛል። መስመሩ በዓይን ይለያል። የእኛ ሀገር ደረጃ የሚፈቅደው እስከ ከመቶ 6 ነው። ስለዚህ ያቺ የላይኛዋ መስመር ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለባትም። ከበለጠች አሸዋው ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። አፈር የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶ ይበላል፤ ልስኑም ይሰነጣጠቃል።

መኪናውንም ለካው። "16 ኪዩብ ነው" ይሉሃል። ሜትር ይዘህ ውጣ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ። ባለፈው የለካሁት ሲኖ 5.20 በ2.30 በ1.20 ነበር። 14 ኪዩብ ከትንሽ። በአንድ ቢያጆ ወደ ሁለት ኪዩብ ጠፋ ማለት ነው። አሥር ቢያጆ ብታስመጣ አንድ ሙሉ መኪና ሳይመጣ ከፈልክ።

ከመምህሯ ጋር የማልስማማው አንድ ነገር አለ። እንደተረዳሁት ዕቃውን ራሳቸው እየገዙ የጉልበት ብቻ ነው የተዋዋሉት። እርሷ ግቢው ውስጥ ትኖር ስለነበር ሠርቶላታል። ሰው ሥራ ውሎ ማታ እየመጣ የጉልበት ውል ቢይዝ ግን ይከስራል። ሲሚንቶው የባለቤቱ ነው፣ ሠራተኛው ላይ አይቆጠርበትም። ከመሬት የወደቀ ሞርታር አይነሳም። ግማሽ ብሎኬት ሲያስፈልግ ሙሉው ይሰበራል። ከረጢት ተቀዶ ያድራል። ሳይት ላይ የማትውል ከሆነ ዕቃውንም ችሎ የሚሠራ ኮንትራክተር ያዝ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ብክነቱ ግን የእሱ ነው።

ውሃ ማጠጣት ላይ ደግሞ ማንም አይቆጥብ። ኮለንና ቢም (የኮንክሪቱ ቋሚና አግዳሚ) ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ መሆን አለበት። እኔ ኮለኑን በጆንያ ጠቅልዬ ጠዋትና ማታ ነው የማጠጣው። ኮንክሪት ሲቦካም ሠራተኛ እንዲቀልለው ውሃ ያበዛል። ቀጭን ሾርባ የመሰለ ኮንክሪት አይጠነክርም። ለዚያ ኮንክሪት ያወጣኸው ሲሚንቶ ግማሽ ሥራውን ነው የሚሠራልህ።

የቢሾፍቱዋ መምህርት (እሁድ ከሰዓት)

ፎርማኑ፣ ልክ ነህ። ግቢው ውስጥ መኖሬን እንደ ወጪ አልቆጠርኩትም ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት የምመለሰው በስምንት ሰዓት ነው። ጠዋት አማቴ ነበሩ የሚውሉት። እማማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው የሚገባውን ብሎኬት በጠጠር ይቆጥሩ ነበር፤ በየመቶው አንድ ጠጠር። አንድ ቀን መኪናው 1,200 ብሎ ሲያራግፍ እርሳቸው 11 ጠጠርና 40 ብሎኬት አሉ። ሾፌሩ ድጋሚ ቆጥሮ አመነ። ያለ እርሳቸው ይህ ቤት አይቆምም ነበር።

ብሎኬትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ለአንድ ካሬ ግድግዳ ባለ 40 በ20 ብሎኬት 12 ተኩል ይገባል። የግድግዳችሁን ካሬ አስሉ፣ በርና መስኮቱን ቀንሱ፣ ለስባሪ ከመቶ 5 ጨምሩ። ከዚህ በላይ አምጡ የሚላችሁ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት።

ከቨርጂኒያ (እሁድ ማታ)

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴን አስታወሰኝ። አዲስ አበባ ዳር ጂ+1 ለማሠራት ብር በአንድ ጊዜ ለወንድሜ ላክሁ። ያኔ ሲሚንቶ ይጠፋ ስለነበር ወንድሜ "እንዳይወደድብን" ብሎ 200 ኩንታል ገዛ። ማስቀመጫ ስላልነበረው በላስቲክ ሸፍኖ መሬት ላይ ደረደረው። ብረቱ ዘገየ፣ ክረምቱ መጣ። ስድስት ወር ቆይቶ ሲከፈት ከሥር ያለው ድንጋይ ሆኗል፤ የላይኛውም ጥንካሬው ወርዷል። ወንድሜን አልወቅሰውም። የዋለበት ሙያ አይደለም፤ ለእኔ ብሎ ነው የደከመው። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ለሁለት ሳምንት ከሚበቃው በላይ አናስገባም። የሚቀመጠውም ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ነው።

አሁን ብር የምልከው በደረጃ ነው። መሠረት ሲያልቅ፣ ኮለን ሲቆም፣ ሶሌታ ሲሞላ። በየደረጃው ከቤተሰብ ውጭ የሆነ አንድ ኢንጂነር ሄዶ አይቶ ይጽፍልኛል። ለእሱ የምከፍለው ትንሽ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ከወንድሜ ጋር ያለኝን ሰላም ማቆየቱ ነው። ድሮ ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምናወራው ስለ ደረሰኝ ነበር። አሁን ስለ ልጆቹ እናወራለን።

እዚህ አሜሪካ ያላችሁ፣ ዕቃ በሻንጣ ልውሰድ ስትሉ ተጠንቀቁ። የበር ቁልፍና ማጠፊያ ችግር የለውም። የወሰድኳቸው የቧንቧ ራሶች ግን ጥርሳቸው አልገጠመም፤ ለእነሱ ማገናኛ ፍለጋ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሁለት ቀን ዞርን። የኤሌክትሪክ ዕቃም እዚህ 120 ቮልት፣ እዚያ 220 ነው። አምፖሉም ማሞቂያውም ይቃጠላል።

ኮንዶ አራተኛ ፎቅ (ሰኞ)

እኔ ከባዶ የሠራሁት ነገር የለም። የ20/80 ባለ ሁለት መኝታ ነው የደረሰኝ። እንደምታውቁት የሚረከቡት ወለሉ ሴራሚክ የሌለው፣ ኪችን ካቢኔት የሌለው ቤት ነው። አስጨርሼ ለማከራየት ነበር ሐሳቤ።

መጀመሪያ ሳሎን ላይ ጅብሰም፣ ባለ ብዙ መብራት ኮርኒስ፣ የቲቪ ግድግዳ አሠራሁ። የሻወሩን ወለል ግን ነካ ነካ አድርጌ ሴራሚክ አስነጠፍኩበት። በሦስተኛው ወር ከታች ያለችው ጎረቤቴ መጣችና ይዛኝ ወረደች። የመታጠቢያ ቤቷ ጣሪያ ጠቁሮ ልስኑ ተነፍቶ ወርዷል። ልጅዋ አስም አለበት። አፈርኩ። የእኔን ሴራሚክ ሙሉ በሙሉ አስነሳሁ፣ ውሃ መከላከያ አስቀባሁ፣ የእርሷንም ጣሪያ አሳደስኩ። አንድ ሻወር ቤት ሁለቴ ሠራሁ ማለት ነው።

እባካችሁ፣ ሴራሚክ ከማስነጠፋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ውሃ መከላከያው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ በጨርቅና በላስቲክ ድፈኑት። ወለሉ ላይ አራት አምስት ሳንቲም ውሃ ሙሉበት። ዳሩን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። አንድ ሙሉ ቀን፣ ከተቻለ ሁለት ቀን ይቆይ። ውሃው ከምልክቱ ካልወረደ፣ ከታች ያለውም ጎረቤት ምንም ካላየ፣ ሴራሚኩ ይግባ። መከላከያው ግድግዳው ላይም ወጣ ማለት አለበት፤ ሻወሩ ካለበት ጎን ደግሞ እስከ ሰው ቁመት።

ስለ ትርፉ ካነሳን፣ ተከራዮቼ ስለ ጅብሰሙ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። የጠየቁኝ የውሃ ታንከር አለወይ፣ ካቢኔቱ በደንብ ይዘጋል ወይ፣ ሶኬት በየክፍሉ ስንት ነው የሚል ነው። ሮቶ ያስገባሁ ጊዜ ነው ቤቴ ተፈላጊ የሆነው። ሕጉንም እወቁ። በኪራይ ቁጥጥር አዋጁ፣ በ1320/2016፣ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር በላይ አይጠየቅም። "የዓመት ኪራይ በአንዴ ተቀብዬ ዕዳዬን እዘጋለሁ" ብላችሁ አታቅዱ። እኔ በዚያ ሐሳብ ነበር ለሴራሚኩ የተበደርኩት።

የደሴ ልጅ (ሰኞ ማታ)

ስለ አሮጌ ቤት የሚያወራ ሰው ስላጣሁ ነው የምጽፈው። የእናቴ ቤት የጭቃ ነው። ከተሠራ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘመድ ሁሉ "አፍርሱትና ብሎኬት አድርጉት" ይላል። አቅሙ የለንም። እናቴም አትፈልግም።

መጀመሪያ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ጭቃውን በሲሚንቶ ለሰነው። ለሁለት ዓመት አምሮ ነበር። ከዚያ ልስኑ በቅርፊት በቅርፊት እየተነሳ ይወድቅ ጀመር። ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጭቃ እርጥብ ነው፤ ቋሚዎቹ ከታች በስብሰዋል፣ ምስጥም ገብቷል። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ይዞት ነበር።

አሁን እንዲህ አደረግን። የበሰበሱትን ቋሚዎች አንድ በአንድ ከታች ቆርጠን፣ ጣሪያውን በባላ ደግፈን፣ ከመሬት 50 ሳንቲም ያህል በድንጋይና በሲሚንቶ አስነሳን። ቋሚው አሁን ድንጋዩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ አፈር አይነካም። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦክተን ሁለት ሳምንት አሰነበትነው። በየሁለት ቀኑ ውሃ እየጨመርን በእግር እንረግጠዋለን። ሽታው ሲለወጥና ጭቃው እንደ ሊጥ ሲሳብ ነው የተመረገው። እናቴ በጣቷ ስባ "አሁን ደረሰ" እስክትል ማንም አልነካውም። ሁለት ጊዜ መረግን። የመጀመሪያው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ስስ ሆኖ ስንጥቁን ሞላው። ከላይ ኖራ ቀባነው። ቆርቆሮውንም ቀይረን ታዛውን 60 ሳንቲም አወጣነው፤ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታው።

ለብሎኬት ቤት ከተጠየቅነው ዋጋ ሩቡን እንኳ አላወጣንም። ሁለት ክረምት አልፎታል። ውስጡ በብርድ ጊዜ ይሞቃል። አንዱን ጎን ክፍል ለሁለት ነርሶች አከራይታለች። በዚያ ብር ነው አሁን ሽንት ቤቱን የምናሠራው።

ጡረተኛው ኢንጂነር (ማክሰኞ)

የደሴው ልጅ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ። የሠራችሁት ትክክል ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት መተንፈስ አለበት፤ ኖራ ያስተነፍሰዋል። እግሩ ደረቅ፣ ራሱ የተከደነ የጭቃ ቤት ገና ብዙ ይኖራል። ምስጡ እንዳይመለስ ድንጋዩ ዙሪያ ያለውን አፈር በየዓመቱ እያያችሁ ጥረጉ። ምስጥ መንገዱን በአፈር ነው የሚሠራው፤ ድንጋዩ ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ ወዲያው ቧጥጣችሁ አጥፉት።

አዲስ ጀማሪ (ከአሥር ቀን በኋላ)

ጋሼ፣ ፎርማኑ፣ መምህርት፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአፈር ምርመራ አሠራሁ። ጥቁሩ 1.40 ሜትር ላይ አለቀ። ጠርገን እያወጣን ነው።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው አሸዋ መጣ። ሳይራገፍ በሃይላንድ ሞከርኩት። ሾፌሩ አብሮኝ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ሻይ ጠጣን። ከ10 ሳንቲሙ ላይ የአፈሯ መስመር 14 ሚሊ ሜትር ሆነች። ሾፌሩም በዓይኑ አየው። ሳይከራከር ይዞት ሄደ። ከሰዓት ከሌላ ቦታ ያመጣው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሳጥኑንም ለካሁት፤ 15 ኪዩብ ሆነ፣ የከፈልኩትም የ15 ነው።

ጥያቄ፦ ብረቱ የሚመጣው ዓርብ ነው። ወፍጮ ቤት ያለው ሚዛን እስከ 50 ኪሎ ነው። ይበቃኛል?

ፎርማኑ (በዚያው ማታ)

ይበቃሃል። ባለ 12 ከሆነ ዘንጉ 10.66 ኪሎ ነው፤ አራቱን በአንድ ላይ አድርገህ መዝን፣ ወደ 42 ኪሎ ተኩል መምጣት አለበት። ከአንድ እስር ብቻ አትምረጥ፣ ከሦስት አራት እስር ጎትት። አሸዋውን ደግሞ ዛሬውኑ ሸራ አልብሰው፤ ከላይ ዱከም በኩል ደመና አይቻለሁ።